ባቡሩ ከመድረሱ በፊት እንጨቱ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው ሰሞን ስለ ሀገራችን መንገድና ባቡር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ መጀመሪያ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ሁለተኛ እርሳስ ይዤ። እርሳሱ ያረፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ጸሐፊው በኢትዮጵያ ዘመናዊ መንገድ የተጀመረው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው ይላሉ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ ዓለም ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁትም እዚያው ነው። ይህን አይቼ ዝም ብል ያስተማርኋቸው ልጆች ይታዘቡኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሰዉ ከእንጦጦ እየወረደ ፍል ውኃው ዙሪያ ሰፈረ። ያን ጊዜ ቤት ማለት ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅና ጭቃ ነው። ቤቱ ከቆመ በኋላ ደግሞ ምጣድ አለ፣ ጠላ አለ፣ የእንጦጦ ብርድ አለ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚኖረው ሠራዊትና ቤተሰቡ በየቀኑ የሚያነደውን አስቡት። የአካባቢው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ፤ እንጨት የሚለቅመውም ሰው በየዓመቱ ራቅ ራቅ ማለት ግድ ሆነበት። ለነገሥታቶቻችን ይህ እንግዳ ችግር አልነበረም። ማገዶ ሲያልቅ ድንኳን ነቅሎ ወደ ሌላ ደን መሄድ ነው፤ ድሮም የሚደረገው ይኸው ነበር።

ዐፄ ምኒልክም ይህንኑ አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ደን በቅርብ የሚገኝበትን ቦታ መረጡና አዲስ ዓለም አሉት። ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት ተጀመረ፤ ለውጭ ሀገር ሌጋሲዮኖችም፣ ዛሬ ኤምባሲ ለምንላቸው፣ ቦታ ተሰጠ። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ከድሬዳዋ ሐረር ከሚወጣው መንገድ ጋር በሀገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ሲሆን፣ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ባቡር ላንሳ፤ ጸሐፊያችሁ የዘለሉትን። ሰርኪስ ተርዚያን የሚባለው አርመናዊ ነጋዴ ለምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነበር። ሰዉ "የሰርኪስ ባቡር" አለው። ሃዲድ የሌለው ባቡር! የሚስቅ ይኖር ይሆናል፤ ግን በአማርኛችን ባቡር ከሃዲድ ጋር ብቻ ተቆራኝቶ አያውቅም። እህል ለማስፈጨት ባቡር ቤት የሚሄድ ገበሬ ዛሬም አለ። ያን ጊዜ እያጨሰ፣ እየጮኸ፣ ያለ በሬ የሚሠራ ነገር ሁሉ ባቡር ነው። እናም የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ ሳይደርስ የአዲስ አበባ ሰው ባቡር አይቷል።

የምድር ባቡሩን ታሪክ ጸሐፊው በሚገባ ስለጻፉት አልደግመውም። ሁለት ቀን ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ፦ ከጅቡቲ የተነሣው ሃዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.። በመካከሉ ኩባንያው ከሰረ፣ መንግሥታት ተጨቃጨቁ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ። በእነዚያ አሥራ አራት ዓመታት ዕቃ ከድሬዳዋ ሽቅብ የሚመጣው በመጀመሪያ በግመልና በበቅሎ ነበር፤ ኋላም ሃዲዱ እየገፋ በመጣ ቁጥር የጭነቱ ጉዞ እያጠረ ሄደ። በምዕራቡ በር ግን ወደ አዲስ ዓለም የሚወስድ የተደለደለ መንገድ ነበር። ዋና ከተማዋ ከባሕር በር ጋር በብረት ከመገናኘቷ በፊት ከደን ጋር በድንጋይ ተገናኝታለች ማለት ነው። ለእኔ የጽሑፋችሁ ጉድለት ይህ ነው፤ ታሪኩን ከጅቡቲ ጀምራችሁ ለገሃር ላይ ጨረሳችሁት።

የአዋሽን ነገርም እንዲሁ። በጽሑፋችሁ አዋሽ የተጠቀሰው ባቡሩ የሚሻገርበት የብረት ድልድይ ሆኖ ብቻ ነው። ወንዙ የሚነሣው ግን ከእኛ ከፍ ብሎ፣ ከጊንጪ ወገን ካለው ደጋ ነው። ያን ሁሉ ቆላ አቋርጦ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀረው ውኃ ሕፃን ሳለ የእኛ ጎረቤት ነው። ደግሞም ከብረቱ ድልድይ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ለምኒልክ አዋሽ ላይ ድልድይ አሠርቶ ነበር፤ ከእንጨት። በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም.፣ የባቡሩን ውል የተቀበለው ይኸው ሰው መሆኑን ስታስቡ፣ ከግንድ ድልድይ ተነሥቶ ሃዲድ የደረሰ አንድ የሥራ ዘመን ታያላችሁ።

አዲስ ዓለም ግን ዋና ከተማ ሳትሆን ቀረች። አንዱ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ በድንጋይ ቤት የሠሩት፣ ሌጋሲዮኖቹም መኳንንቱም፣ ጥለው መሄድ አለመፈለጋቸው ነው። ሌላው ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ሀገራችን ገብቶ፣ ተቆርጦ እንደገና የሚያቆጠቁጥ፣ በጥቂት ዓመት ለቤትና ለማገዶ የሚደርስ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ደን ፍለጋ መሰደድ ቀረ፤ ደኑ በየጓሮው በቀለ። ኮረብታችን ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አዲስ ዓለም ማርያም ተባለ። ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን በዓል የመጣ እንግዳ ሕንጻውን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ለእልፍኝ ታስቦ የተጀመረ መሆኑን ስንነግረው ይገረማል።

እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአያቴ ቤት ምሰሶ ነው። መካከለኛው ምሰሶ ጥድ ነበር፤ ውፍረቱ እኔ በልጅነቴ አቅፌ እጄን የማላገናኘው፣ የምሳሩ ጠባሳ ከላይ እስከ ታች የሚታይበት። በዝናብ ወራት ቤቱ ጥድ ጥድ ይሸታል። ግድግዳው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ምስጥ እየበላው እኔ እያየሁ ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ ምሰሶው አንዴም አልተነካም። አያቴ ግድግዳው በተለወጠ ቁጥር ምሰሶውን መታ መታ ታደርገውና "ይሄ የጃንሆይ ጊዜ ነው" ትላለች። ጃንሆይ ስትል ምኒልክን ነው። ባሕር ዛፍን እስከ ዕለተ ሞቷ አልወደደችውም፤ "ጢሱ ዐይን ያጠፋል፣ ፍሙ ቡና አያፈላም" ትል ነበር። ይህን እያለች በየሳምንቱ የምትገዛው ፍልጥ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ሌላ ምን ይገኛል?

ያ ጥድ የት ሄደ ለሚል፣ የቀረውን ለማየት መናገሻ መሄድ ይበቃል። የመናገሻን ደን በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ተማሪዎቼን ይዤ ወጥቼ ነበር። አንድ ልጅ ሽቅብ እያየ "ቲቸር፣ አዲስ አበባም ድሮ እንዲህ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ባይሆንም ወንድሙ ነበር አልሁት።

ለጸሐፊው ፍርድ ሳላጓድል ልመልስ። የአዲስ ዓለም መንገድ ለመኪና ታስቦ የተሠራ አልነበረም፤ የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌ እየነዳ ለምኒልክ ባመጣው ጊዜ ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ውስጥ ያሠራው መንገድ በርዝመትም በጥራትም ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በእኛ በኩል ወደ ነቀምት የሚወስደውም የዚያ ዘመን ሥራ አለበት። ይህን የሚክድ የለም። ግን "አሰፋ" ማለትና "ጀመረ" ማለት ይለያያሉ፤ ይህን ልዩነት ለስምንተኛ ክፍል ስናስተምር ኖረናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማስተካከያው ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ገጽ ይውጣ፤ የሙት ማስታወቂያና ጨረታ መካከል ተወትፎ ማየት አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁን አንድ ቀን በማለዳ ወደ እኛ ላኩት። በአሥራ ሁለት ሰዓት መንገዱ ዳር ከቆመ አጠና እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ ያያል። ሁለቱን ሲቆጥር ሦስተኛው ይደርሳል። ቁርሱን እኔ ቤት ይበላል፤ የአያቴን ምሰሶም አሳየዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ ዓለም