«የወለደችኝ ጋ መኖር እችላለሁ?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አውቃለሁ። ያደገችው በጉዲፈቻ ነው። የወላጅ እናቷን ስልክ ቁጥር በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፋ ይዛለች። «እሷ ጋ መኖር እችላለሁ?» ስትለኝ ደነገጥኩ፤ መልሱን አላውቀውም ነበር።

ሕግ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅኩ። በአብዛኞቹ አገሮች 18 ዓመት ከሞላት የትም፣ ከማንም ጋር መኖር ትችላለች። እስከዚያ ግን ወሳኞቹ አሳዳጊዎቿ ናቸው። እነሱ ከፈቀዱ ወላጅ እናቷን ሄዶ መጠየቁም፣ ሰንበት ብሎ መምጣቱም ይቻላል። ካልፈቀዱ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ጉዲፈቻን ማፍረስ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ልጁ መበደሉ መረጋገጥ አለበት።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት (ኮንቬንሽን)፣ አንቀጽ 12 ላይ፣ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ ይደመጥ ይላል። አንቀጽ 7 በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅ መብት ይሰጠዋል። እኛ ግን ልጁ የወለዱትን ሲያነሳ «ምን አጎደልንብህ?» እንለዋለን። ያማል!

ልጅቷ አሳዳጊዎቿን ከልቧ ትወዳቸዋለች። ቁጥሩን የደበቀችው እንዳይከፋቸው ብላ ነው። እባካችሁ አሳዳጊዎች፣ እስክትናገር አትጠብቁ፤ ቀድማችሁ ጠይቋት።

አንዲት አንባቢ