ለአባዬ፣ ከኡፕሳላ

ኡፕሳላ፣ ስዊድን፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ አዲስ አበባ የምትሳፈር የአገራችን ልጅ ታደርስልሃለች። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ አንተ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "በይ ሒሳብሽ እንዳያልቅ" ብለህ ትዘጋለህ። በኢንተርኔት መደወል እንደማያስከፍል ስንቴ አስረዳሁህ!

ትምህርቱ አልቋል። የመጨረሻውን ፈተና ሰኞ ዕለት ተፈተንኩ። የከርሰ ምድር ውኃው ከብዶኝ ነበር፤ እንደማልወድቅ ግን አውቃለሁ። ስለ እሱ ይብቃ።

ካቴድራሉን እንድመለከትልህ አዝዘኸኝ አልነበር? አይቼልሃለሁ። ጡብ ነው። ግንባታው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጀምሮ የተመረቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1435 ነው፤ የሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ ይህን ቢሰማ ይጽናናል። ከፍታውና ርዝመቱ እኩል ነው፣ ሁለቱም 118.7 ሜትር። ይህን ሳነብ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ "ማን ለካው?" ስትል ታየኝ።

ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ ስትማር ስዊድናዊው መምህርህ የሳልከውን ፕላን አይቶ "ብራ!" ሲልህ፣ ዝናቡ ያባራ መስሎህ በመስኮት ያየኸውን ታስታውሳለህ? እዚህ ቃሉን በቀን መቶ ጊዜ እሰማዋለሁ። "ጥሩ ነው" ማለታቸው እንደሆነ እያወቅኩ እንኳ ቀና ብዬ ሰማይ አያለሁ። ጥር ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲመሽ "ብራ" ያለኝን ሰው ግን ልቆጣው ምንም አልቀረኝ። አሁን ደግሞ ፀሐይዋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ገብታ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምተኛው።

የምኖርበት ሠፈር ፍሎግስታ ይባላል፣ የተማሪ ፎቅ የተደረደረበት ነው። ማታ ልክ 4 ሰዓት ሲሆን ተማሪው መስኮት ከፍቶ ይጮኻል፤ የቆየ ልማዳቸው ነው። የመጀመሪያው ሌሊት መርዶ የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ትናንት ግን እኔም መስኮቴን ከፍቼ እልልታዬን አቀለጥኩት። ማዶ ያለው ፎቅ ለአፍታ ዝም አለ፣ ከዚያ አጨበጨቡልኝ።

ወጥ ቤት የምንጋራው ልጆች አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። እዚህ ሲገናኙ "ሄይ"፣ ሲለያዩ "ሄይ ዶ" ብለው ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። እኔ ግን ሰው በር ላይ መሸኘት አልሆነልኝም። አምስቱንም ሻንጣቸውን እየጎተትኩ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄድኩ። አንደኛው የረሳው ዕቃ ያለ መስሎት ኪሱን ሲፈትሽ ነበር። የተረፈኝን ሽሮና በርበሬ ለባንግላዴሻዊቷ ጎረቤቴ ሰጠኋት፤ ከሁሉም እሷ ናት ቅመም የሚገባት።

አባዬ፣ ይህን ሁሉ የማወራህ ዋናውን ለመጻፍ እጄ ስለከበደኝ ነው። ጥር ላይ ሻንጣዬን ታክሲው ላይ ከጫንክ በኋላ "ከተመቸሽ እዚያው ቅሪ" አልከኝ። ቦሌ እንኳ አልመጣህም። በረራውን ሙሉ አለቀስኩ። ለእኔ ብለህ እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ ግን እንደ ተከፈለ ዕዳ የተሰረዝኩ መሰለኝ።

ለፋሲካ ስቶክሆልም የጋበዙኝ የአገር ሰዎችም ያንኑ መከሩኝ፤ "የመጣ ሰው ይመለሳል እንዴ?" እያሉ። አመሻሹ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ዶሮውን በዕቃ ቋጥረውልኝ ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ። መንገድ ላይ፣ "የእኔም አባት በደርግ ጊዜ ሲሸኘኝ 'አትመለሺ' ብሎኝ ነበር፤ ቃሉን ጠበቅሁለት። መሞቱን በስልክ ሰማሁ" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። የዕቃውን ክዳን ደግመው ጫን ጫን አደረጉትና ሰጡኝ።

ስለዚህ ሰኔ 2 እሑድ ጠዋት እገባለሁ። ጎረቤቶች "ምነው ተመለሰች?" ሲሉህ አንተ አትመልስላቸው፤ እኔ እመልስላቸዋለሁ። ብረት ማስመሪያህን ገዝቼልሃለሁ፤ ብስክሌቴንም ሸጬ ገንዘቡን ለጉልበትህ ሕክምና ይዣለሁ፣ ብዙ አይደለም።

ቦሌ እንድትመጣ አልጠይቅህም። በር ላይ ጠብቀኝ። ሻንጣዬን ግን እንዳታወርድ፣ ወገብህን አስብ፤ ሹፌሩ ያወርደዋል።

ልጅህ