ሽማግሌን ባስታረቀው ቤት ብዛት አትመዝኑት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሰሜን ሸዋ ባልና ሚስት ስለሚያስታርቁ አንድ ሽማግሌ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ሰውየውን አላውቃቸውም፤ በጎ ሰው ለመሆናቸው ግን ጽሑፉ ራሱ ይመሰክራል። ቅር ያሰኘኝ ጸሐፊያችሁ ሥራቸውን የሰፈረበት ቁና ነው፦ ይህን ያህል ቤት ከመፍረስ አዳኑ፣ ይህን ያህል ጥንድ አስታረቁ። እኔ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር፣ ማለትም የባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ፣ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የታረቁ ባልና ሚስት ነገሩ ሲያገረሽባቸው መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። ስለ ሽማግሌ የሚባለውንም የምሰማው የዕርቁ ሰሞን ሳይሆን ከርሞ ነው።

ደስ ብሏቸው የሚመጡም አሉ። ስምምነታቸውን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቅላቸው ማመልከቻ ሊያስጽፉ ይመጣሉ፤ እኔም መጻፌን እየጻፍኩ ስለ ሽማግሌዎቻቸው እጠይቃቸዋለሁ። አንደበተ ርቱዕ ነበሩ፣ ጥቅስ ያውቁ ነበር የሚለኝ ብዙም የለም። በተለይ ሴቶቹ ደጋግመው የሚሉት “ለብቻዬ ጠርተው አዳመጡኝ” ነው። መንዝም ሂዱ ምንጃር፣ ሽምግልና ሲባል ባልና ሚስት፣ የባል አባት፣ የሚስት አጎት፣ የነፍስ አባት፣ አንዳንዴም ምን እንደሚሠራ ያልታወቀ ጎረቤት ባንድ ክፍል ይሰበሰባሉ። ሴትዮዋ እዚያ መሐል፣ አማቷ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የመኝታ ቤቷን ገመና ምን ብላ ታወጣዋለች? “ይቅር ብያለሁ” ትላለች። ጉልበት ይሳማል፣ ምርቃት ይወርዳል፣ ጠላው ይቀዳል። ይሄ በጽሑፋችሁ ላይ “የዳነ ቤት” ተብሎ ተቆጥሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ድብደባ ያለበት ቤት ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ባጭሩ ላልፈው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ወንጀል ብሎታል። የተሰበረን ክንድ በይቅርታ የሚሸፍን ሽማግሌ የጀግና ዓምድ አይገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ስላልታረቁት። ጽሑፋችሁ ስለነሱ አንድ መስመር እንኳ የለውም፤ የአስማሚ ችሎታ የሚታየው ግን በነሱ ላይ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ያንን ሥልጣን ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የክልላችንም የ1995ቱ የቤተሰብ ሕግ በዚያው መንገድ ሄደ። ለሽማግሌ የቀረለት ማስታረቅ፣ ማስማማትና ውጤቱን ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ነው። ብዙ ሽማግሌዎቻችን ግን እስካሁን “በሽምግልና አፋተናል” የሚል ወረቀት ጽፈው፣ አስፈርመው፣ ሁለቱን ያሰናብታሉ። በዚያ ወረቀት ትዳሩ አልፈረሰም። ሰዎቹ ሌላ ትዳር ይመሠርታሉ፣ ይወልዳሉ፣ ቤት ይሠራሉ፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ይሞትና የውርስ ነገር ሲነሣ “ሚስቱ እኔ ነኝ” የሚሉ ሁለት ሴቶች እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት እንደተፋቱ የሚቆጠሩበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔ መኖሩን አውቃለሁ። ያን ለማስረዳት የሚጠፋው ምስክር፣ ጊዜና ገንዘብ ግን ያኔ ባንድ ማመልከቻ ይቀር ነበር።

ከባለጉዳዮቹ መሐል አንዷ አትረሳኝም፤ ከቆላው ወገን ናት፣ ስሟን አልጠራም። ወጣትነቷን ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ጨርሳ የላከችው ገንዘብ ቤት ሆኖ ጠበቃት፤ የቤቱ ካርታ ግን በባሏ ስም ነው። ሲጣሉ ሽማግሌዎቹ ካርታውን አዩና “ቤቱ የሱ ነው፤ ለሷ የዕቃ ማንሻ ይስጣት” ብለው ጨረሱ። ፈረመች። ለምን ፈረምሽ ብላት “ሁሉም ሽበታቸው ነጭ ነበር” አለችኝ። ሕጉ እኮ ግልጽ ነው፦ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት ባንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ደግነቱ ወረቀቱ ፍርድ ቤት አልጸደቀም ነበርና ክርክሩ እንደ አዲስ ተከፈተ፤ ክረምት ከበጋ ተመላልሳ ድርሻዋን አገኘች። ከሽማግሌዎቹ መሐል ተንኮለኛ ነበር ብዬ አላምንም። ካርታውን እንጂ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም፤ የሐዋላ ደረሰኞቹ ቦርሳዋ ውስጥ ነበሩ።

በሌላ በኩል ወደ ሞረትና ጅሩ አካባቢ የሚያስማሙ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ባለጉዳዮቻቸው እኔ ዘንድ ሲመጡ ያማርራሉ። “አድካሚ ሰውዬ ናቸው፣ ሁሉን ነገር ያስጽፋሉ” ይላሉ። ወረቀቱን ሳየው ቅሬታው ሁሉ ምስጋና ይመስለኛል። የባልና የሚስት ስም ያለበት የመሬት ይዞታ ደብተር ማን እጅ እንዳለ ተጽፏል። በሬው፣ በጎቹ፣ የቡድን ብድሩ ቀሪና ከፋዩ፣ ያልወጣው ዕቁብ፣ ዕድሩ ውስጥ ማን እንደሚቀጥል ሁሉ ተዘርዝሯል። ባሕር ዛፍ ላይ ሲደርሱ ደግሞ እንደሳቸው የተጠነቀቀ አላየሁም። እዚህ ደጋ ላይ የገበሬው ባንክ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሌሎች ሽማግሌዎች “ዛፉን እኩል ይካፈላሉ” ብለው ያልፋሉ። ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው ደግሞ ያቆጠቁጣል፤ ታዲያ እኩል የተባለው የዘንድሮው ቁርጥ ነው ወይስ የሚቀጥለውም? ቆራጩ ማነው? እስከዚያ የሚጠብቀውስ? እሳቸው ይህን ሁሉ ጠይቀው ያሰፍራሉ። በዚህ በዛፍ ጉቶ ብቻ ስንት ክስ ጽፌያለሁ መሰላችሁ።

የልጆቹም ነገር እንዲሁ ነው። በብዙው የሽምግልና ወረቀት ላይ “አባት አቅሙ በፈቀደ ይረዳል” የሚል አነጋገር አለ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ፍርድን በተግባር የሚያስፈጽመው የአፈጻጸም ችሎት ላይ ግን ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም ዳኛው የሚያስከፍለው ቁጥር የለም። መምህሩ ገንዘቡን በብር፣ ቀኑን በወር፣ ልጁ አባቱ ዘንድ የሚያድርበትን በዓል ሳይቀር በስም ያስጽፋሉ። ለራሳቸው የሚከፈላቸውን ደግሞ የመጀመሪያው ቀን፣ ሁለቱ ባሉበት ይናገራሉ። ባለጉዳይን ከሁሉ የሚያስከፋው ያልተነገረ ወጪ ነው፤ ዛሬ ለትራንስፖርት፣ ነገ ለሻይ እየተባለ የሚሄደው። አንዱ ወገን ለብቻው ከከፈለማ ሌላው ወገን ሽማግሌውን እንደ ተገዛ ምስክር ነው የሚያየው፤ አይፈረድበትም።

ይህን ስል “አንተ ፍቺ ፈላጊ ነህ” የሚሉኝ አይጠፉም፤ እንጀራዬ ከክስ ስለሆነ ነገሩ ይጠረጠራል። ዕርቅ ሲሆን ሲሆን ደስ ይለኛል። ሕጉም ቢሆን ለዕርቅ በር አልዘጋም፦ ዳኛው ባልና ሚስቱን ያነጋግራል፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ ይልካቸዋል፣ ካልሆነም እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ራሳቸው በመረጧቸው የሚለውን ልብ በሉልኝ። ባል አምስት ዘመዶቹን ጠርቶ ሚስት አንድ የምታውቀው ሰው ሳይኖራት የሚደረገው ስብሰባ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ለጸሐፊያችሁ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እኚያ ሽማግሌ ያስታረቋቸውንም ያለያዩዋቸውንም ሰዎች ከዓመት በኋላ ሄዶ ያናግር፤ ባልን ለብቻው፣ ሚስትን ለብቻዋ። ለብቻሽ ተጠይቀሽ ነበር ወይ? የፈረምሽው ተነቦልሻል ወይ? ፍርድ ቤት ጸድቋል ወይ? ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን እንዳለ አትሙት። የዞኑ ፍትሕ አካላትም የስምምነት ወረቀት ምን ምን መያዝ እንዳለበት ባንድ ገጽ አዘጋጅተው በየቀበሌው ቢለጥፉ ለኛ ለራፖር ጸሐፊዎች ሥራ ይቀንስብናል፤ ግድ የለም፣ ይለጥፉት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የራፖር ጸሐፊ
ከደብረ ብርሃን