የልብ ጤና ትምህርት ለታራሚዎችም ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ልብ ሕመም ያወጣችሁት ጽሑፍ ታራሚዎችን አላነሳም። ሊነሱ ይገባ ነበር። ተጨናንቆ በሚታደርበት ክፍል የጉሮሮ ሕመም በቀላሉ ይተላለፋል፤ አንዳንዱ፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ ሳይታከም ሲቀር የልብ ቫልቭ (በልብ ውስጥ ያለውን የደም መተላለፊያ በር) እስከማበላሸት ይደርሳል። ይህን የሚያውቅ ታራሚ ጉሮሮውን ሲያመው ተሸፋፍኖ አይተኛም፤ ሕክምና ይጠይቃል። የደም ግፊትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ምልክት ስለሌለው ሳይለኩት አይታወቅም።

ስንቅ የምናቀብል ቤተሰቦችም መማር አለብን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ እኛ ግን ወጡ እንዳይበላሽ እያልን ጨው እናበዛለን።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ የማስተማር የቆየ ልምድ አለው። ከማረሚያ ቤቱ ጋር ተነጋግሮ በወር አንድ ቀን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ያስተምር፤ ግፊትም ይለካ። ስንቅ ይዘን ተራ ለምንጠብቀውም በር ላይ ስለ ጨው ይነገረን።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ