ወንድም ከየት ይመጣል?

ውድ አባላት፣

በድራማና በፊልም ስለሚታዩ እህትና ወንድም ስንነጋገር፣ ባለፈው ውይይታችን «እህትና ወንድም እንዲህ አይዋደዱም፣ ሌላ ነገር ቢኖር ነው» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እስቲ አንቲጎኔን አስታውሱ። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክለስ በስሟ የተጠራውን ድራማ ከጻፈው ከ2,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ንጉሡ ወንድሟ እንዳይቀበር አዘዘ። እሷ ግን በገዛ እጇ አፈር አለበሰችው፤ ሕይወቷንም ከፈለችበት። ምክንያቷን ስትናገር ባል ቢሞት ሌላ ይገኛል፣ ልጅም ይወለዳል፤ እናትና አባት ካለፉ ግን ወንድም ከየት ይመጣል ትላለች። ይህ ንግግር ለጀርመናዊው ደራሲ ለጎተ እንኳ አልዋጥ ብሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1827 አንድ ምሁር «የሶፎክለስ አይደለም» ብሎ ቢያረጋግጥ ተመኝቶ ነበር። ለእኔ ግን የድራማው ልብ እዚያ ጋ ነው። አብሮን ያደገ ሰው የልጅነታችን ምስክር ነው። እሱን የሚተካ የለም።

(እህቷ ኢስሜኔ ግን አንጀቴን ትበላኛለች። ለሞተው ወንድሟ ይህን ያህል የሆነችው አንቲጎኔ፣ በሕይወት ባለችው እህቷ ላይ ጨክናለች።)

በእህትና ወንድም መካከል ሌላ ነገር፣ ማለትም የፍቅረኞች ፍቅር፣ የሚያዩትን አልወቅስም። ፊልም ረጅም እይታን፣ ቅናትን፣ «ያላንተ አልኖርም» ማለትን ለፍቅረኞች ብቻ ሲያውለው ኖሯል። ዓይናችን ያንን ለምዷል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ስም ከመስጠታችን በፊት ትዕይንቱን ደግመን እንየው።

ለሚቀጥለው ውይይት እያንዳንዳችሁ የእህትማማች ወይም የወንድማማች አንድ ትዕይንት ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ የተባለውን እናነባለን፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።