ለሐረር ጉዞ ማን ምን መጽሐፍ ይያዝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ለሐረር ጉዟችን እያንዳንዳችን አንድ አንድ መጽሐፍ ይዘን በመንገድ እየተዋዋስን ልናነብ ነው። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እንደ አምናው ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ እንዳይሄድ። የቀረው ማን ምን ይያዝ የሚለው ነው።

እኔ የሪቻርድ በርተንን እይዛለሁ። እንግሊዛዊው በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቆይቷል፤ መጽሐፉም በዓመቱ ታተመ። ንቀቱ ያበሳጫል። ቢሆንም ጁገል ውስጥ ተቀምጦ እሱን ማንበብና መከራከር ደስ ይላል።

የጃንሆይ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» አንደኛ መጽሐፍ ያለው አለ? ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚያው ነው። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ነው፤ የቆዩ የእጅ ጽሑፎቹን እናያለን። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም ግጥም ከተወ በኋላ ሐረር ነግዷል። ግጥሞቹ በአማርኛ ያላችሁ አምጡልን። ባቢሌ ስለምንወርድ የወፍ መለያ መጽሐፍም ያስፈልጋል። ልብ ወለድ የፈለጋችሁትን ያዙ፣ የግድ ስለ ሐረር ይሁን አልልም። እንደ ጡብ የከበደ ጥራዝ ግን ቤት ይቅር!

ሐሙስ 11፡30 ወመዘክር በር ላይ እንገናኝ። መጽሐፋችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ስማችሁን ውስጡ በእርሳስ ጻፉበት። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት እንዳይይዝ ርዕሱን እስከ ማክሰኞ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። መጽሐፍ የሌላችሁም ንገሩኝ፣ ትርፍ አለኝ።