ለድምፅ ፕሮግራም ቡድናችን አባላት

ሰላም ለሁላችሁ፣

ቅዳሜ ደሴ ስንገናኝ ፒዩር ዳታ (ሳጥኖችን በመስመር እያገናኘን ድምፅ የምንሠራበት ሶፍትዌር) ላይ የራሳችንን ኦብጀክቶች፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠሩ ሳጥኖች፣ መጨመር እንጀምራለን። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የማትችሉ አትስጉ። ኢንሌትና አውትሌት (መግቢያና መውጫ) ያለው ፓች፣ ማለትም የተገናኙ ሳጥኖች ያሉበት ፋይል፣ ሠርታችሁ ከዋናው ፓች ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት፣ ስሙን ሳጥን ውስጥ ስትጽፉ እንደ ማንኛውም ኦብጀክት ይሠራል። እኔ «ባቲ» እና «አምባሰል» የሚባሉ ኦብጀክቶች እንዲኖሩን እፈልጋለሁ (የአገራችንን ቅኝት ሌላ ሰው እስኪሠራልን አንጠብቅም መቼም!)። የኖታን ቁጥር ወደ ፍሪኩዌንሲ የሚቀይረው ኤምቶፍ (mtof) የሚባለው ኦብጀክት 64.3ን የመሰለ ቁጥርም ስለሚቀበል፣ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቀው የክራር ድምፅ አያመልጠንም።

በሲ የተጻፉ ላይብረሪዎች (የተዘጋጁ የኦብጀክት ስብስቦች) ከፒዩር ዳታ ሜኑ ይወርዳሉ፤ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ቤታችሁ ጨርሱት። ለ64 ቢት የተሠራውን ላይብረሪ 32 ቢቱ ፒዩር ዳታ አይከፍተውም፣ አይታችሁ አውርዱ። ክራር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።